ሐኪም ያጣ አካባቢ የራሱን የሕክምና ትምህርት ቤት ሲያቋቁም

ይህ የጉዳይ ጥናት በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ሰሜናዊ ክፍል ስለተቋቋመ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ገና ከውጥኑ የታሰበው ለገጠርና ለትናንሽ ከተሞች የሚሆኑ የቤተሰብ ሐኪሞችን ለማፍራት ነበር። እንዴት እንደታቀደ፣ የትኛው ሐሳብ እንደሠራና የቱ ላይ እንደተቸገረ መዝግቦ ማስቀመጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። በተለይ በአገራችን በየክልሉ የተከፈቱትን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለማጠናከር ለሚደክሙ ሰዎች። የማንንም ግለሰብ ስም አላነሳም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቦታው

ኦንታሪዮ ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው ቶሮንቶን ነው። ሐበሻው ተሰባስቦ የሚኖረውም እዚያና በዙሪያዋ ነው። ከቶሮንቶ ተነስቶ ተንደር ቤይ ለመድረስ ግን 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ተነድቶም ከክፍለ ግዛቱ አልተወጣም። ሰሜን ኦንታሪዮ 800,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ከኢትዮጵያ ስፋት ሦስት አራተኛ ገደማ ይሆናል። የሚኖርበት ሰው ግን 800,000 ገደማ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሕዝብ በእጅጉ ያነሰ።

ትልልቆቹ ከተሞች ሁለት ናቸው። በምሥራቅ ሰድበሪ አለች፣ የኒኬል ማዕድን ከተማ። በምዕራብ ተንደር ቤይ አለች፣ በሱፐሪየር ሐይቅ ዳር ያለች የእህል ወደብ። በሁለቱ መካከል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ አለ። ከእነሱ ወዲያ በማዕድንና በእንጨት ሥራ የሚተዳደሩ ትናንሽ ከተሞች ተበታትነው ይገኛሉ። ከዚያም አልፎ የመኪና መንገድ የማይደርስባቸው የነባር ሕዝቦች መንደሮች አሉ። እዚያ የሚገባው በትንሽ አውሮፕላን ነው። በክረምት ወንዙና ሐይቁ ሲረጋ ደግሞ በበረዶው ላይ ለጥቂት ሳምንታት መንገድ ይወጣል። በምሥራቁ በኩል ፈረንሳይኛ አፍ መፍቻው የሆነ ብዙ ሕዝብ ይኖራል።

እንዲህ ባለ ቦታ አንድ የቤተሰብ ሐኪም ብዙ ሰው ሆኖ ይሠራል። ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ ተመላላሽ ታካሚዎችን ያያል። የተኙትን ለማየት ሆስፒታል ገብቶ ራውንድ ያደርጋል። ማታ ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ነው። ምጥ ከመጣ ያዋልዳል። ስፔሻሊስቱ በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ስለሆነ ሪፈር መጻፍ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። አየሩ ከከፋ አምቡላንስ አውሮፕላኑም አይነሳም።

ችግሩ

እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኦንታሪዮ አምስት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ነበሯት። በቶሮንቶ፣ በሃሚልተን፣ በለንደን፣ በኪንግስተን እና በኦታዋ። አምስቱም በደቡብ ናቸው። (ይህች ለንደን የኦንታሪዮዋ ናት።) በ1993 አካባቢ ደግሞ በመላው ካናዳ ሐኪም በዝቷል ተብሎ የሕክምና ተማሪዎች ቅበላ በ10 በመቶ ያህል ተቀነሰ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ እጥረቱ አፍጥጦ መጣ። መጀመሪያ የተመታው ሰሜኑ ነው።

መንግሥት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከ1969 ጀምሮ ሐኪም ወዳነሰባቸው አካባቢዎች ለሚሄዱ ሐኪሞች ማበረታቻ የሚሰጥ ፕሮግራም ነበረው። ከተሞቹም በየፊናቸው ይሯሯጡ ነበር። ቤት ያቀርባሉ፣ የመቋቋሚያ ገንዘብ ይሰጣሉ፣ ለትዳር ጓደኛ ሥራ ያፈላልጋሉ። ሐኪሙ ይመጣል። ጥቂት ዓመት ይሠራና ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ከተማዋ እንደገና ማስታወቂያ ታወጣለች።

እኔ የችግሩ ሥር ገንዘቡ ላይ ነበር ብዬ አላምንም። አንድ ልጅ ደቡብ ተወልዶ፣ ደቡብ ተምሮ፣ በትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ውስጥ በስፔሻሊስቶች እጅ ብቻ ሲያድግ፣ ሕክምና ማለት ያ ብቻ ይመስለዋል። የሚያደንቃቸው አስተማሪዎቹ በሙሉ ስፔሻሊስቶች ናቸው። የቤተሰብ ሐኪም የሚለው ስም ሲነሳ፣ ስፔሻላይዝ ማድረግ ያልሆነለት ሰው ማለት ሆኖ ይሰማዋል። ይሄ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። እኛም አገር ጠቅላላ ሐኪም ከተመረቀ በኋላ የሚጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስፔሻሊቲ መቼ ትገባለህ?» የሚል ነው።

በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች ሦስት ነገሮችን ደጋግመው አሳይተው ነበር። ገጠር ሄዶ የሚቆየው ሐኪም ብዙውን ጊዜ ወይ ገጠር ያደገ ነው፣ ወይ በተማሪነቱ ገጠር ውስጥ ጥሩ ልምድ ያገኘ ነው፣ ወይ ደግሞ ሬዚደንሲውን (ሐኪም ከተመረቀ በኋላ የሚወስደውን የሙያ ሥልጠና) ለገጠር ሥራ በተዘጋጀ ፕሮግራም የጨረሰ ነው። ዕውቀቱ ነበረ። ሦስቱን አንድ ላይ አስሮ የሚሠራ ትምህርት ቤት ነው ሰሜኑ ያልነበረው።

የመጀመሪያው ውሳኔ፦ ቅርንጫፍ ወይስ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት

ቀላሉ መንገድ የደቡቦቹ ትምህርት ቤቶች ሰሜን ውስጥ ቅርንጫፍ እንዲከፍቱ ማድረግ ነበር። ርካሽ ነው፤ ቶሎ ይደርሳል። እንዲያውም ከ1990ዎቹ ጀምሮ በተንደር ቤይና በሰድበሪ የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ ያካሂዱ ነበር፤ ውጤቱም መልካም ነበር። የሰሜኑ ሰዎች ግን ከዚያ በላይ ጠየቁ። ማን እንደሚገባ፣ ምን እንደሚማርና ማን እንደሚያስተምር እዚያው ሰሜን ውስጥ ይወሰን አሉ። መንግሥት በ2001 አዲስ ትምህርት ቤት እንደሚቋቋም አስታወቀ። ካናዳ ከ30 ዓመት በላይ አዲስ የሕክምና ትምህርት ቤት አልከፈተችም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ የት ይሁን የሚል ነው። ሁለቱም ከተሞች ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ሰድበሪ ሎረንሺያን አላት፣ ተንደር ቤይ ሌክሄድ አላት። ሁለቱም ለኛ ይገባል የሚሉበት በቂ ምክንያት ነበራቸው። በመጨረሻ ትምህርት ቤቱ የሁለቱም እንዲሆን ተወሰነ። የራሱ ቦርድ ያለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆኖ ተመዘገበ። የሎረንሺያንም የሌክሄድም የሕክምና ፋኩልቲ ሆኖ እንዲያገለግል፣ ዲግሪውም በሁለቱ ስም እንዲሰጥ ሆነ። ይህ አደረጃጀት ብዙ ጠቅሟል። ከዓመታት በኋላ ግን ጣጣ አምጥቷል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለመጀመሪያው ዲንነት ከአውስትራሊያ አንድ የገጠር የቤተሰብ ሐኪም ተመረጠ። ሰውዬው እዚያ የገጠር ጤና ትምህርት ቤት ይመራ ነበር። አውስትራሊያ በዚህ ነገር ቀድማ ሄዳለች። የፍሊንደርስ ዩኒቨርሲቲ በ1997 ተማሪዎችን ክሊኒካል ዓመታቸውን ሙሉ ገጠር ከተማ ውስጥ ማስተማር ጀምሮ ነበር። በ2000 ደግሞ የጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ በሰሜናዊ ኩዊንስላንድ ለዚያ አካባቢ የሚሆን የሕክምና ትምህርት ቤት ከፍቷል። የሰሜን ኦንታሪዮ ሰዎች ከዜሮ አልጀመሩም ማለት ነው። የሠራውን ፈልገው አዩ፤ የሠራውንም ሰው ጠርተው አመጡ።

ካሪኩለሙ የተጀመረበት ስብሰባ

በጉዳዩ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ክፍል ነው።

ካሪኩለም ሲዘጋጅ የተለመደው አካሄድ ይታወቃል። ጥቂት ፕሮፌሰሮች ሆቴል ይገባሉ። የሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰነድ ይዘረጋል። እያንዳንዱ ዲፓርትመንት የራሱን ሰዓት ለማስጨመር ይከራከራል። እዚህ ግን በጃንዋሪ 2003፣ አንድም ተማሪ ሳይገባና አንድም ኮርስ ሳይጻፍ፣ ከ300 በላይ ሰዎች ሶ ሴንት ማሪ በምትባል የሰሜን ኦንታሪዮ ከተማ ተሰበሰቡ። ሐኪሞችና የሳይንስ መምህራን ነበሩ፤ ነርሶችና ሌሎች የጤና ባለሙያዎችም ነበሩ። የየከተማው ነዋሪዎችም መጡ። በዚያ በረዶ፣ በዚያ ርቀት። የቀረበላቸው ጉዳይ ሰሜን ኦንታሪዮ ምን ዓይነት ሐኪም ትፈልጋለች፣ ያ ሐኪም ምን ማወቅና ምን መሆን አለበት የሚል ነው።

በዚያው ዓመት በጁን ደግሞ ኬኖራ አካባቢ ባለ የነባር ሕዝቦች መንደር ሌላ ስብሰባ ተደረገ። ከ130 በላይ የነባር ሕዝቦች ተወካዮች ተገኙ። የማኅበረሰብ መሪዎች፣ ሽማግሌዎችና የጤና ሠራተኞች። ስብሰባው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አለመደረጉ ትልቅ ነገር ነው። በካናዳ ነባር ሕዝቦች ከሕክምናና ከትምህርት ተቋማት ጋር ያላቸው ታሪክ ብዙ ቁስል ያለበት ነው። ልጆቻቸው ከቤተሰብ ተነጥለው በአዳሪ ትምህርት ቤቶች የተሰቃዩበት ታሪክ ነው። ስለዚህ አዲሱ ትምህርት ቤት እንግዳ ሆኖ ወደ እነሱ ሄደ፤ ባዶ ወረቀት ይዞ አዳመጠ።

ከእነዚህ ውይይቶች የተገኘው ነገር ወደ ተግባር ተለወጠ። ትምህርቱ በአምስት ዋና ዋና ጭብጦች ተዋቀረ። የሰሜንና የገጠር ጤና፣ የሐኪሙ ማንነትና ሙያዊ ሕይወት፣ የማኅበረሰብና የሕዝብ ጤና፣ የሕክምና ሳይንስ መሠረቶች፣ ክሊኒካዊ ክህሎት። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አልተጣሉም። ግን ለብቻቸው ተለይተው አይሰጡም። ተማሪዎች ስምንት ስምንት ሆነው አንድ ታሪክ ይዘው ይቀመጣሉ። ታሪኩ የሚፈጸመው በሰሜን ኦንታሪዮ ከተማ ውስጥ ነው። ታካሚው የማዕድን ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከሩቅ መንደር በአውሮፕላን የመጣች ነፍሰ ጡር። ሳንባውን ሲማሩ የሰውየውን ሥራ፣ መንገዱንና ቤተሰቡን አብረው ይማራሉ።

ማን ይግባ?

የመጀመሪያዎቹ 56 ተማሪዎች በ2005 መኸር ገቡ። በየዓመቱ ለእነዚህ ጥቂት ቦታዎች 2,000 ገደማ ሰው ያመለክታል። ምርጫው ከባድ ነው።

ትምህርት ቤቱ አብዛኞቹ የሰሜን አሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የሚጠይቁትን ኤምካት የተባለ የመግቢያ ፈተና አልጠየቀም። የዩኒቨርሲቲ ውጤት ይታያል። ከእሱ ጎን አመልካቹ የት እንዳደገ ነጥብ አለው። ሰሜን ያደገ፣ ገጠር ያደገ፣ ከነባር ሕዝቦች የተወለደ ወይም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሆነ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ቃለ መጠይቁ ይመጣል። አመልካቹ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ለተለያዩ ጠያቂዎች ይመልሳል። ከጠያቂዎቹ መካከል የማኅበረሰብ አባላት አሉ። ነገ የሚታከሙት ሰዎች የሚያክማቸውን ይመርጣሉ።

ውጤቱ ከገቡት ተማሪዎች 90 በመቶ ያህሉ የሰሜን ኦንታሪዮ ልጆች መሆናቸው ነው። ጥራት ይወርዳል የሚል ስጋት ነበር፤ የትም ቢሆን ይህ ስጋት ይነሳል። ስለ መጀመሪያዎቹ ምሩቃን ስጽፍ መልሱ ይመጣል።

የተማሪው መንገድ

በአንደኛ ዓመት መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ ለአራት ሳምንት የነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ ውስጥ ይኖራል። እያንዳንዱ ነው ያልኩት፤ ፈቃደኛው ብቻ አይደለም። ተማሪው የሚሄደው መርፌ ሊወጋ አይደለም፤ ገና አይችልም። የሚሄደው ሰው እንዴት እንደሚኖር ለማየት ነው። ከማኅበረሰቡ የተመረጠ አስተባባሪ ይቀበለዋል። ከሽማግሌዎች ጋር ይቀመጣል፤ በጤና ጣቢያው ያለችውን ነርስ ይከተላል። የአንድ ጣሳ ወተት ዋጋ በአውሮፕላን ሲመጣ ስንት እንደሚሆን በዓይኑ ያያል። ከዚያ በኋላ የስኳር በሽተኛን «አትክልት አዘውትረህ ብላ» ብሎ መሸኘት ይከብደዋል።

በሁለተኛ ዓመት ሁለት ጊዜ፣ አራት አራት ሳምንት፣ ትናንሽ ገጠር ከተሞች ይሄዳል። ትምህርቱ አይቋረጥም። በቪዲዮ ከጓደኞቹ ጋር እየተገናኘ ይቀጥላል። ይህን በ2000ዎቹ አጋማሽ ማድረግ ቀላል አልነበረም።

ዋናው ሦስተኛ ዓመት ነው። በሌሎች ትምህርት ቤቶች ሦስተኛ ዓመት ማለት ከአታችመንት ወደ አታችመንት መሄድ ነው። ስድስት ሳምንት ሰርጀሪ፣ ስድስት ሳምንት የሕፃናት ክፍል፣ ወዘተ። እዚህ ግን ተማሪው ስምንት ወር በአንድ ከተማ ይኖራል። ኬኖራ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ቲሚንስ፣ ወይም ፎርት ፍራንሲስ። መቀመጫው የቤተሰብ ሐኪሞች ክሊኒክ ነው። ሰርጀሪውን፣ የውስጥ ደዌውን፣ ማህፀንና ጽንሱን፣ ሕፃናቱን፣ ሳይካትሪውን በአንድ ጊዜ የሚማረው እነዚያኑ ታካሚዎች እየተከተለ ነው።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ታካሚ ላስረዳ። ክሊኒኩ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ትመጣለች እንበል። ተማሪው የእርግዝና ክትትሏን ከሐኪሙ ጋር ይጀምራል። ደም ግፊቷ ሲጨምር እሱ አለ። ምጥ ሲመጣ ይደወልለታል፤ ሌሊትም ቢሆን ይሄዳል። ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋት ኦፕሬሽን ክፍል አብሯት ይገባል። ከሁለት ወር በኋላ ሕፃኑን ለክትባት ይዛው ስትመጣ የምታገኘው ያንኑ ተማሪ ነው። ከወለደች በኋላ ድባቴ ከያዛት የሚያስተውለው እሱ ነው፤ በፊት እንዴት እንደነበረች ያውቃልና። አታችመንት ለይቶ በሚሰጥ ትምህርት ይህችን ሴት አራት የተለያዩ ተማሪዎች ያገኟት ነበር። አንዳቸውም ሙሉ ታሪኳን አያውቁም።

ሁሉም ተማሪ በዚህ መንገድ እንዲያልፍ ያደረገ ከዚያ በፊት የሕክምና ትምህርት ቤት አልነበረም። ሌሎች ጋ ለጥቂት ፈቃደኞች የሚሰጥ አማራጭ ነበር። አራተኛ ዓመት ላይ ተማሪው ወደ ሰድበሪና ተንደር ቤይ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይመለሳል። ከባባድ ሕመሞችን እዚያ ያያል። ግን ያኔ ከየት እንደመጡ ያውቃል።

ምን ሠራ?

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ2009 ተመረቁ። በካናዳ ምሩቃን ወደ ሬዚደንሲ የሚገቡት በአገር አቀፍ ድልድል ነው። ሁሉም በመጀመሪያው ዙር ቦታ አገኙ። በካናዳ ከአሥር ዓመት በላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም ነበር። ከእነሱም 70 በመቶ ያህሉ የቤተሰብ ሕክምናን መረጡ፤ አብዛኛው ለገጠር የተዘጋጀውን። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ድርሻው 62 በመቶ አካባቢ ነበር። ከካናዳ አማካይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ የሆነው ቁጥር ግን ሌላ ነው። ሕክምናውንም የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲውንም እዚያው የተማሩት ሐኪሞች ላይ ጥናት ተደረገ። 94 በመቶ የሚሆኑት ሰሜን ኦንታሪዮ ውስጥ እየሠሩ ተገኙ። ሕክምናውን እዚያ ተምረው ሬዚደንሲውን ሌላ ቦታ የጨረሱት ላይ ግን ድርሻው በጣም ዝቅ ይላል። አንድ ወጣት ቤት የሚከራየው፣ የትዳር ጓደኛ የሚያገኘው፣ የሥራ ባልደረባ የሚያፈራው በሬዚደንሲው ዘመን ነው። እዚያ ላይ ገመዱ ከተበጠሰ የቀደመው ልፋት ግማሹ ይባክናል።

ሌላም ያልታሰበ ጥቅም ነበር። በየትንሹ ከተማ ለዓመታት ብቻቸውን ሲሠሩ የኖሩ ሐኪሞች አስተማሪ ሆኑ። የዩኒቨርሲቲ ማዕረግ አገኙ። በስተኋላ ከ90 በላይ ማኅበረሰቦች ውስጥ ከ1,000 በላይ ሐኪሞች ያስተምሩ ነበር። ተማሪ ሲጠይቅ አስተማሪ ያነባል። ከተማዋም ተማሪውን ታየዋለች፤ ተመልሶ እንዲመጣ ታግባባዋለች።

ምን አልሠራም?

እጥረቱ አልጠፋም። ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ከ15 ዓመት በኋላም ሰሜኑ ከ300 በላይ ሐኪሞች እንደሚጎድሉት የራሱ የትምህርት ቤቱ መሪዎች ይናገሩ ነበር። ምክንያቱ ብዙ ነው። በዓመት 56፣ ቆይቶም 64 ተማሪ መቀበል ለዚያ ስፋት አይበቃም። አሮጌዎቹ ሐኪሞች ጡረታ ይወጣሉ። አንድ የድሮ ገጠር ሐኪም የሚሠራውን ለመተካት ዛሬ ከአንድ በላይ ሰው ያስፈልጋል፤ አዲሱ ትውልድ ልጆቹን ማሳደግም ይፈልጋል፣ ትክክልም ነው። ምሩቃኑም እኩል አልተከፋፈሉም። ሰድበሪና ተንደር ቤይ ብዙ አገኙ። ከእነሱ ርቀው ያሉ ትናንሽ ከተሞች ዛሬም ድንገተኛ ክፍላቸውን ክፍት ለማድረግ ከሌላ ቦታ በኮንትራት የሚመጣ ሐኪም ይጠብቃሉ።

ማስተማሩ ራሱ ሸክም አለው። ከአራት ሐኪሞች ሁለቱ ከለቀቁ የቀሩት ሁለቱ ታካሚውን ይዘው ተማሪ መቀበል ያቅታቸዋል። ተማሪ ካልመጣ ደግሞ ነገ የሚተካቸው ሰው አይመጣም። ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በየከተማው ሐኪሞች ላይ የቆመ ስለሆነ ይህ አዙሪት ዋነኛ ድክመቱ ነው።

ከዚያ የባለቤትነቱ ጉዳይ አለ። በፌብሩዋሪ 2021 ሎረንሺያን ዩኒቨርሲቲ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከአበዳሪዎች ጥበቃ ለማግኘት ፍርድ ቤት ገባ። በካናዳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ሲያደርግ የመጀመሪያው ነው። በርካታ የትምህርት ክፍሎች ተዘጉ፤ መምህራን ከሥራ ወጡ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ የራሱ ቦርድና በጀት ቢኖረውም ከሎረንሺያን ጋር የተሳሰረ ነበር። ለተማሪዎች ድጋፍ የተሰበሰበ የልገሳ ገንዘብ ሳይቀር በዩኒቨርሲቲው እጅ ነበር። በሕክምናው ምንም ያላጠፋ ተቋም በሌላው ኪሳራ አደጋ ላይ ወደቀ።

የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በዚያው ዓመት ሕግ አወጣ። ከአፕሪል 1 ቀን 2022 ጀምሮ ትምህርት ቤቱ ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በካናዳ የመጀመሪያው ራሱን የቻለ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ። ውሳኔው ሁሉንም አላስደሰተም። ከሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች በኩል ተቃውሞ ነበር። በተለይ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ፣ የሁለት ቋንቋ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ሎረንሺያን ሲወጣ የቋንቋው መብት ምን ይሆናል ብሎ ሰጋ። በ2022 መንግሥት ለሕክምና ትምህርቱ 30፣ ለሬዚደንሲው 41 ተጨማሪ ቦታዎችን ፈቀደ።

ለሌላ ቦታ የሚሆን ትምህርት

ይህን ጉዳይ ወደ አገራችን ስናመጣው በጣም ባዕድ አይደለም። ጎንደር ላይ በ1954 የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን በቡድን እያሰለጠነ ገጠር ጤና ጣቢያ ያሠራ ነበር። ጅማም ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ አውጥቶ በማስተማር ስሙ የታወቀ ነው። ከኦንታሪዮ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነትም አለን። በ2013 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ ሲጀምር ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሐኪሞች አብረው ሠርተዋል። ሐሳቡ አልጠፋንም። ከሰሜን ኦንታሪዮ መውሰድ የምንችለው፣ ቁርጥራጮቹን እንዴት አንድ ላይ እንደሰፏቸው ነው።

ቅበላውን እናስቀድም። እኛ ጋ ተማሪ በብሔራዊ ፈተና ውጤት ይመደባል። ጅግጅጋ ያለ ትምህርት ቤት ከሌላ ጫፍ የመጣ ልጅ ይቀበላል። ልጁ ቋንቋውን ሳይለምድ ይመረቅና ይሄዳል። ከቦታዎቹ የተወሰነውን እንኳ ለአካባቢው ልጆች በነጥብ መደገፍ፣ ቃለ መጠይቁ ላይም የአካባቢውን ሰዎች ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ግልጽ የሆነ አሠራርና ከዝምድና የጸዳ ኮሚቴ ነው። ያ ካልተጠበቀ ሐሳቡ በመጀመሪያው ዓመት ይበላሻል።

ምደባን በተመለከተ፣ ለረጅም ጊዜ ሐኪሞቻችንን የምንልከው በዕጣ ነበር። በዕጣ የደረሰው ሐኪም የግዴታ ዓመቱን ይቆጥራል። ስምንት ወር በአንድ ወረዳ ሆስፒታል የኖረ ተማሪ ግን ቦታውን ያውቃል፤ ነርሶቹን በስም ይጠራል። የሚያስተምረው ሐኪም ግን እዚያ መኖር አለበት። ባለቤት የሌለው ሆስፒታል ውስጥ ተማሪ አስቀምጦ መሄድ ማስተማር አይባልም፤ ለታካሚውም አደጋ ነው። ስለዚህ ከተማሪው በፊት በወረዳው ያለውን ሐኪም መያዝ፣ የማስተማሪያ አበል መስጠት፣ ማዕረግ መስጠት፣ ኢንተርኔት ማስገባት ይቀድማል።

ሬዚደንሲው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት እዚያው አካባቢ ዝግጁ ሆኖ ሊጠብቃቸው ይገባል። እኛ በ2012 በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶችን ከፍተናል። ምሩቁ ቀጣዩን ሥልጠና ፍለጋ ወደ አዲስ አበባና ወደ ትልልቅ ከተሞች ከተሰደደ፣ የተከፈተበት አካባቢ ያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። የ94 በመቶው ቁጥር የሚናገረው ይህንን ነው። የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንሲ በአዲስ አበባ ብቻ መቆየት የለበትም። ደሴ ላይ፣ አርባ ምንጭ ላይ፣ ነቀምት ላይ የሚያስተምር ሰው ቢኖር ሬዚደንቱም እዚያ ይገኛል።

ገንዘብና ባለቤትነት ላይ ሰሜን ኦንታሪዮ የከፈለችው ዋጋ ለማንም አቃጅ ማስጠንቀቂያ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤት ከእናት ዩኒቨርሲቲው ጋር ሲሠራ የማን ሒሳብ የት እንደሚቀመጥ፣ ልገሳ በማን ስም እንደሚያዝ፣ አንደኛው ቢቸገር ሌላው እንዴት እንደሚቀጥል ገና ሲቋቋም በወረቀት መስፈር አለበት። ሁሉም በተስማማበት ጊዜ ይህን መጻፍ ቀላል ነው። ፍርድ ቤት ከተገባ በኋላ ግን ጠበቃው ነው የሚጽፈው።

ለስብሰባው ደግሞ ጊዜ ይሰጠው። ሰሜን ኦንታሪዮ ከውሳኔው እስከ መጀመሪያው ተማሪ አራት ዓመት ወስዳለች። ከዚያ ውስጥ ብዙው የሄደው ሕዝቡን በማዳመጥና አስተማሪዎችን በማዘጋጀት ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ተማሪው ይመደብና መምህሩ ይፈለጋል። አዲስ የሚታሰብ ትምህርት ቤት ካለ፣ የመጀመሪያው ሥራው በአካባቢው ያሉትን ወረዳዎች መዞር፣ ከእናቶች፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ከሃይማኖት አባቶችና ከጤና ጣቢያ ነርሶች ጋር መቀመጥ ይሁን። የሚነገረውም በእነሱው ቋንቋ ተመዝግቦ ካሪኩለሙን ለሚጽፉት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይድረስ።